የህንድ የገጠር መንደር ለጥናት ስትመርጡ፦ የሕዝቡን ቁጥር ከመንገዱ ጋር እዩት

ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ህንድ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ እርሻ፣ ጤና፣ ኢኮኖሚክስ ወይም የገጠር ልማት የሚያጠኑት አንድ ቀን መንደር መምረጥ ይኖርባቸዋል። አማካሪ መምህሩ የስም ዝርዝር ይሰጣቸዋል። ከስሙ ጎን የሕዝብ ቁጥር አለ። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ "ቅርብ የባቡር ጣቢያ፦ 12 ኪ.ሜ" የሚል ነገር ተጽፏል። የቀረው ውሳኔ የተማሪው ነው።

ዝርዝሩ አይዋሽም። ግን 12 ኪሎ ሜትሩ ባጃጅ ሲመላለስበት የሚውል መንገድ ሊሆን ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ አውቶቡስ የሚያልፍበትም ሊሆን ይችላል። የሕዝቡ ቁጥርም እንደዚያው ነው። 1,200 ሰው ሲባል ሁሉም አንድ ቦታ ተጠጋግተው የሚኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአራት ጎጥ የተበተኑም ሊሆኑ ይችላሉ። ለወራት ቤት ለቤት መጠይቅ የሚያስሞላ ተማሪ ጊዜውም ገንዘቡም የሚያልቀው እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከዚህ በታች አምስት መንደሮችን አነጻጽራለሁ። አምስቱም በእውን ያሉ ናቸው፤ የተለያየ ዓይነት መንደርም ያሳያሉ። እናንተ የምትመርጡት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው ግን ይሠራላችኋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

*ቁጥሩ የመቼ ነው?* የህንድ የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የ2011 ነው። የ2021ዱ በኮቪድ ጊዜ ተላለፈ። የሚቀጥለው ማጣቀሻ ቀን ለአብዛኛው አገር ማርች 1 ቀን 2027 ተብሎ ተወስኗል። ስለዚህ የመንግሥት የቆጠራ ቁጥር ብላችሁ የምታገኙት ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ነው። ሌላም ነገር አለ። የ2011ዱ ሰው ቤት ለቤት የተቆጠረው ከፌብሩዋሪ 9 እስከ 28 ነው። ለወቅታዊ ሥራ ሰው በብዛት ከሚወጣበት መንደር ከሆነ፣ እናንተ የምትደርሱበት ወር የምታገኙት ሰው ከወረቀቱ ሊለይ ይችላል።

የቅርብ ጊዜ ቁጥር ከፈለጋችሁ የመንደሩን የጤና ሠራተኛ ጠይቁ። እኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደምንላቸው፣ እዚያ "አሻ" የሚባሉ ሴቶች አሉ። በገጠር በግምት ለ1,000 ሰው አንዲት አሻ ትመደባለች። "አንጋንዋዲ" በሚባለው የሕፃናት ማዕከል የምትሠራዋም የቤተሰብ መዝገብ አላት። ነፍሰ ጡር የት ቤት እንዳለች፣ ማን ለሥራ ወጥቶ እንደቀረ ያውቃሉ። ለእኔ ከማንኛውም ድረ ገጽ የእነሱ መዝገብ ይበልጥብኛል።

*የተቆጠረው ምንድን ነው?* ይህኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። ቆጠራው የሚቆጥረው በመሬት መዝገብ ወሰን የተሰጠውን መንደር ነው። "ግራም ፓንቻያት" የሚባለው የአስተዳደር እርከን ደግሞ ከእኛ ቀበሌ ጋር ይቀራረባል፤ አንዳንዴ ብዙ መንደር ያቅፋል። ከመንደሩ በታች እንደኛ ጎጥ ያለ ሰፈር አለ። በሰሜን "ቶላ" ይሉታል፣ በራጃስታን "ዳኒ"፣ በማሃራሽትራ "ዋዲ"። አንድ ስም ለሦስቱም ሊያገለግል ይችላል። አንዱ ምንጭ 900 ሌላው 4,000 ካላችሁ፣ አንዱ ተሳስቷል ከማለታችሁ በፊት የትኛውን እንደቆጠሩ እዩ።

*የመጨረሻው መንገድ ምን ዓይነት ነው?* ህንዶች መንገድን በሁለት ይከፍሉታል፦ "ፓካ" እና "ካቻ"። ፓካ በአስፋልት ወይም በኮንክሪት የተሠራው ነው። ካቻ የአፈር መንገድ ነው። የሕዝብ ቁጥርና መንገድ የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። በዲሴምበር 25 ቀን 2000 የተጀመረው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መንገድ ፕሮግራም መንገድ የሚያገባው በሰው ብዛት ነው። በሜዳማ አካባቢ 500 ሰውና ከዚያ በላይ ላለው ሰፈር ቅድሚያ ሰጠ። በተራራማ፣ በበረሃና በጎሳ አካባቢዎች ወለሉ 250 ሆነ። የተቆጠረው መንደሩ ሳይሆን ሰፈሩ ነው። ስለዚህ ትልቁ ሰፈር አስፋልት አግኝቶ፣ ትንሹ ጎጥ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ጭቃ ውስጥ ሊቀር ይችላል። በብዙ ቦታ ደግሞ ያ ጎጥ የዳሊቶች ነው፤ በካስት ሥርዓቱ ከሁሉ በታች ተደርገው የተገለሉት ሰዎች ማለት ነው። ጥናታችሁ ስለ ድህነት ከሆነ አስፋልቱ ያለቀበት ቦታ ላይ አታቁሙ።

*የትራንስፖርቱ ዓይነትና የመጨረሻው ሰዓት።* የ2011 ቆጠራ የወረዳ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ መንደር አውቶቡስ፣ ባቡር ጣቢያና ጥርጊያ መንገድ መኖር አለመኖሩን ይጽፋል። ከሌለ በኮድ ያስቀምጣል፦ ከ5 ኪ.ሜ በታች፣ ከ5 እስከ 10፣ ከ10 በላይ። ጥሩ መነሻ ነው። አውቶቡሱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ግን አይነግራችሁም።

*ወቅቱ።* ዋናው ዝናብ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው። በሰሜን ሜዳ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ጉም ባቡሮችን ለሰዓታት ያዘገያል። በሂማላያ ደግሞ በረዶ መንገድ ይዘጋል።

ፓላንፑር፣ ኡታር ፕራዴሽ፦ ባቡሩ ደጃፍ ላይ

በህንድ ለረጅም ጊዜ ከተጠኑ መንደሮች አንዱ ነው። ተመራማሪዎች ከ1957/58 ጀምረው በየጊዜው ተመልሰው ቤት ለቤት አጥንተውታል። ያኔ 528 ሰው ነበረው። በ1983/84 960 ደረሰ፣ በ1993 1,133። ከኢኮኖሚስቶቹ መካከል ኒኮላስ ስተርንና ዣን ድሬዝ ይገኙበታል።

በ2011 በህንድ ገጠር 833 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ሰው ያለባቸው መንደሮች ደግሞ ወደ 597 ሺ ናቸው። ብታካፍሉት ለአንድ መንደር ወደ 1,400 ሰው ይደርሳል። ፓላንፑር ከዚህ ብዙ አይርቅም። በመጠኑ ተራ መንደር ነው፤ ለናሙና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መንገዱስ? ከሞራዳባድ ወደ ቻንዶሲ የሚሄደው የባቡር ሐዲድ በመንደሩ ጫፍ ያልፋል። ቻንዶሲ 13 ኪ.ሜ ገደማ ነው፣ ሞራዳባድ ወደ 30። ዴልሂ በግምት 200 ኪ.ሜ ነው። መንደርተኛው ከእርሻ ውጭ ሥራ እንዲያገኝ ካገዙት ነገሮች አንዱ ይኸው ሐዲድ ነው። ጠዋት ከተማ ሄዶ ማታ ቤቱ የሚያድር ሰው መሬቱን ሳይለቅ ደሞዝተኛ መሆን ይችላል። ስለ ሥራና ስለ መንገድ ግንኙነት የምታጠኑ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማሰብ ይከብደኛል።

ለተማሪ ኪስም ይስማማል። በህንድ ባቡር የተራው ክፍል ዝቅተኛ ትኬት 10 ሩፒ ነው። ታች ባለው ክፍል መጨናነቅ አለ፤ በዲዋሊና በሆሊ በዓላት ሰሞን መቆሚያም ይጠፋል። ከጣቢያ ሲወጡ ኢ-ሪክሾ፣ ማለትም በባትሪ የሚሄድ ባጃጅ፣ በየከተማው ሞልቷል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ጉጃራት ውስጥ ፓላንፑር የሚባል ትልቅ ከተማና የባቡር መገናኛ አለ። ትኬት ስትቆርጡ ስሙን ብቻ አይታችሁ ከተጫናችሁ አገር አቋርጣችሁ ሌላ ቦታ ትወርዳላችሁ። የመንደሩ ጣቢያ የሚጠራው ጃርጋኦን በሚል ስም ነው። ሁለተኛ፣ ሰዉ ለአሥርት ዓመታት ተጠይቋል። አዲስ ጥያቄ ከሌላችሁ እዚያ ሄዶ ማድከም አይገባም። በዚያው ሐዲድ ላይ ያለ ያልተጠና ጎረቤት መንደር መውሰድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ራሌጋን ሲዲ፣ ማሃራሽትራ፦ ከአውራ ጎዳና ገባ ያለ

ከፑኔ 87 ኪ.ሜ ገደማ ነው። ሕዝቡ ወደ 2,300 ይጠጋል። ወረዳው ቀድሞ አህመድናጋር ይባል ነበር፤ አሁን አሂልያናጋር ሆኗል። በካርታም በአውቶቡስ ታፔላም ሁለቱን ስም ስለምታገኙ አትደናገሩ። አካባቢው ዝናብ አጠር ነው። በ1975 ከሠራዊት ተመልሶ እዚያ የከተመው አና ሃዛሬ ከመንደሩ ሰው ጋር ውሃ የሚያቁር ቦይና ግድብ ሠራ፣ ዛፍ አስተከለ። የጉድጓዶቹ ውሃ ተመለሰ። በ2011 ሰውዬው በዴልሂ ሙስናን በመቃወም ሲጾም የመንደሩ ስም በዓለም ተሰማ።

ባቡር እዚህ አይጠቅማችሁም። ነገሩ ሁሉ አውቶቡስ ነው። የማሃራሽትራ መንግሥት አውቶቡስ ድርጅት የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያስነዳው በጁን 1 ቀን 1948 ከፑኔ ወደ አህመድናጋር ነበር፤ ማለትም በዚሁ መስመር ላይ። ዛሬም በአውራ ጎዳናው ላይ አውቶቡስ አይቸግርም። መንደሩ ግን ከጎዳናው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ውስጥ ነው። ፑኔ ላይ "በዚያ በኩል ያልፋል" ብለው ያሳፍሯችሁና መገንጠያው ላይ ያወርዷችኋል። ከመገንጠያው በኋላ ያለው መንገድ ላይ ወይ አውቶ መጠበቅ ነው፣ ወይ ሞተር የያዘ ሰው መለመን። ሻንጣና ላፕቶፕ ይዛችሁ ሲመሽ እዚያ ከደረሳችሁ ታዝናላችሁ። በጠዋት ድረሱ።

በነገራችን ላይ አውቶ የሚሉት ባጃጅን ነው። እኛ የኩባንያውን ስም ወስደን የመኪናው መጠሪያ አድርገነዋል። ኩባንያው መቀመጫው እዚያው ፑኔ ነው።

በማሃራሽትራ ገጠር "ሙካሚ" የሚባል አውቶቡስ አለ። ማታ መንደር ገብቶ ያድርና ጎህ ሲቀድ ወደ ከተማ ይመለሳል። ተማሪው፣ ወተት ሻጩ፣ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሁሉ የሚሄደው በእሱ ነው። የምትመርጡት መንደር ሙካሚ ካለው መንገዱ አስተማማኝ ነው ማለት ይቻላል። ከማርች 2023 ጀምሮ ደግሞ በዚህ ድርጅት አውቶቡስ ሴቶች የሚከፍሉት ግማሽ ነው። ለሴት ተማሪዎች ይህ በወር ሲደመር ብዙ ነው።

ጉድለቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ራሌጋን ሲዲ ተራ መንደር አይደለም። ሞዴል ነው። እንግዳ የለመደ፣ ጎብኚ የሚቀበል፣ መልሱን የሚያውቅ ሰው ታገኛላችሁ። የአፈርና ውሃ ጥበቃን ውጤት ለማየት ድንቅ ነው። "የማሃራሽትራ ገጠር እንዲህ ነው" ለማለት ግን አይሆንም።

ኩማራኮም፣ ኬረላ፦ መንደር የሚባል ከተማ

ኬረላ ላይ "መንደር" የሚለው ቃል ራሱ ይለወጣል። በ2011 መላው ግዛቱ የነበሩት መንደሮች 1,018 ብቻ ናቸው፤ የገጠር ሕዝቡ ግን ከ17 ሚሊዮን በላይ ነው። በአማካይ ለአንዱ ወደ 17 ሺ ሰው! ቤቶቹ ተያይዘው ስለሚሄዱ አንዱ መንደር የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ በዓይን አይለይም።

ኩማራኮም ከ20 ሺ በላይ ሰው አለው። ከኮታያም ባቡር ጣቢያ 15 ኪ.ሜ ገደማ ይርቃል። አውቶቡስ ሲመላለስ ይውላል። የቬምባናድ ሐይቅን አቋርጦ ወደ ሙሃማ የሚሄድ የመንግሥት ጀልባም አለ። በትራንስፖርት ከአምስቱ አንደኛ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ ሁሉንም ቤት ለማዳረስ አንድ ተማሪ አይበቃም። የናሙና አወጣጥ ዕቅድ ከሌላችሁ አትግቡ። ከባሕር ወለል በታች ሩዝ የሚዘራበት የኩታናድ አካባቢ ጫፍ ላይ ስለሆነ በክረምት ውሃ ይወጣል። በኦገስት 2018 ጎርፍ አካባቢው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር።

ማውሊኖንግ፣ ሜጋላያ፦ የጋራ ጂፕ አገር

ከባንግላዴሽ ድንበር አጠገብ ያለ የካሲ ሕዝብ መንደር ነው። በንጽሕናው ታውቋል። የሕዝቡን ቁጥር ብትፈልጉ አንዱ 500፣ ሌላው 900 ይላችኋል። ከላይ ያልኩት ችግር ማለት ይህ ነው። ያም ሆነ ይህ ትንሽ ነው፤ ለብቻ ቤት ለቤት መጨረስ ይቻላል። ካሲዎች ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው፤ ውርሱም ለታናሽ ሴት ልጅ ይሄዳል። ስለ ቤተሰብና ስለ ንብረት ለሚያጠና ሰው ይህ ብቻውን ጉዞው ይገባዋል።

መንገዱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በባቡር ጉዋሃቲ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ሺሎንግ 100 ኪ.ሜ ያህል ነው። ከሺሎንግ መንደሩ ሌላ 90 ገደማ። መጓጓዣው በአብዛኛው ታታ ሱሞ የሚባል የጋራ ጂፕ ነው፤ እንደኛ አገር ሚኒባስ ሞልቶ ካልሆነ አይነሳም። እሑድ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄድ መኪና ይቀንሳል። ወረዳው በዓለም ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ማውሲንራም ያለበት ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር የመስክ ሥራ አታቅዱ።

ኪበር፣ ሂማቻል ፕራዴሽ፦ በወቅት የሚከፈት

4,270 ሜትር ላይ ያለ የስፒቲ ሸለቆ መንደር ነው። በ2011 ቆጠራ ሰዉ 400 አይሞላም ነበር። ቅርብ ከተማው ካዛ 20 ኪ.ሜ ገደማ ነው፤ ከካዛ የሚወጣው አውቶቡስ ጥቂት ነው። ከማናሊ ያለው መንገድ በብርዱ ወራት በበረዶ ይዘጋል። በኦክቶበር 2020 የተከፈተው የ9 ኪሎ ሜትሩ አታል ዋሻ የሮታንግን መተላለፊያ አስቀርቷል፤ የኩንዙም መተላለፊያ ግን አሁንም ይዘጋል። በሺምላ በኩል ያለው መንገድ በበረዶ ጊዜም ይሻላል፤ ሆኖም የውጭ ዜጋ በዚያ ሲያልፍ ልዩ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ጎረቤት መንደሩን ቺቻምን አንድ ገደል ይለየዋል። እስከ 2017 ድረስ ሰው የሚሻገረው በገመድ ላይ በተንጠለጠለ ቅርጫት ነበር። በዚያ ዓመት ድልድይ ተከፈተ። አንድ ድልድይ የመንደር ኑሮን ምን ያህል እንደሚለውጥ ማጥናት ለምትፈልጉ ቦታው ይህ ነው። ለሌላ ጥናት ግን ወጪውም ቅዝቃዜውም አይመከርም።

በአንድ እይታ

| መንደር | ሕዝብ | ዋና መጓጓዣ | መነሻ ከተማ | የሚከብደው ጊዜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፓላንፑር | ከ1,100 በላይ | ባቡር | ቻንዶሲ፣ 13 ኪ.ሜ | ዲሴምበር፣ ጃንዋሪ | ዝቅተኛ |
| ራሌጋን ሲዲ | ወደ 2,300 | አውቶቡስ፣ ከመገንጠያ አውቶ | ፑኔ፣ 87 ኪ.ሜ | ምሽት በየትኛውም ወር | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ኩማራኮም | ከ20,000 በላይ | አውቶቡስና ጀልባ | ኮታያም፣ 15 ኪ.ሜ | የዝናብ ወራት | መካከለኛ |
| ማውሊኖንግ | ከ500 እስከ 900 | የጋራ ጂፕ | ሺሎንግ፣ 90 ኪ.ሜ | ጁን እስከ ሴፕቴምበር | መካከለኛ |
| ኪበር | ከ400 በታች | ጥቂት አውቶቡስ፣ ኮንትራት መኪና | ካዛ፣ 20 ኪ.ሜ | በረዶ ሲጥል | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

በጀታችሁ የተማሪ ከሆነና ከተማ አድራችሁ ጠዋት መንደር መድረስ ከፈለጋችሁ፣ ፓላንፑርን የመሰለ በባቡር ሐዲድ ላይ ያለ መንደር ውሰዱ። ከ1,000 እስከ 1,500 ሰው ያለው ቢሆን በአንድ ወቅት ሁሉንም ቤት ታዳርሳላችሁ። እኔ ብመርጥ ይህን ነው የምመርጠው። የቤት ኪራይ ከተማ ውስጥ ይገኛል፣ ኢንተርኔት አለ፣ ብትታመሙ ሐኪም ቅርብ ነው።

መንደር ውስጥ ለማደር የቆረጠ ሰው የራሌጋን ሲዲን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ከአውራ ጎዳና ገባ ያለ፣ ግን አንድ አውቶቡስ የሚያድርበት። ቋንቋው የሚያስፈራችሁ ከሆነ ኬረላን አስቡ፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው በቀላሉ ይገኛል። ከጓደኛ ጋር መኪና ተጋርታችሁ ለሦስትና ለአራት ሳምንት የምትሄዱ ከሆነ ማውሊኖንግ ይሆናል። ኪበርን የሚመርጥ ሰው የፕሮጀክት ገንዘብ ያለው ይሁን፤ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ የማይከስር።

በየትኛውም መንደር ብታድሩ ስለ ምዝገባው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ "ፎርም ሲ" የሚባለውን ማሳወቂያ መሙላት አለበት። ትልቅ ሆቴል ራሱ ይሞላል። የገበሬ ቤት ከሆነ ግን ባለቤቱ ስለ ነገሩ ላይሰማ ይችላል። ከዩኒቨርሲቲያችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ መጀመሪያ የመንደሩን ኃላፊ አግኙ። በማሃራሽትራ "ሳርፓንች"፣ በኡታር ፕራዴሽ "ፕራዳን" ይባላል። በእድሜ ከእናንተ ከበለጠ ከስሙ ቀጥላችሁ "ጂ" በሉ፤ እንደኛ "ጋሽ" ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ለአንድ የመንደሩ ሰው ስልክ ደውሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አስፋልቱ የት ላይ ያልቃል? ሲዘንብ አውቶው እስከ የት ይገባል? ወደ ከተማ የሚመለሰው የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው? መልሱን ስትጽፉ ሰዓቱን አስተካክሉ። እነሱ አምስት ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሲሉ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ማለታቸው ነው። የባቡር ሰሌዳ ላይ 17:40 ካያችሁ 11፡40 ነው፤ በዚያ ሰዓት ጣቢያው ላይ ቆማችሁ መገኘት አለባችሁ።